የጭራ ተረኛ

ተራዬ ሌሊት ነው፣ ከስምንት ሰዓት፣
በቦዩ ጭራ ላይ ለተኛች ሩብ ሄክታር መሬት።
ደብተሩ እንዲያ ይላል፤ የጻፍኩትም እኔ፣
በሶላር ጭላንጭል፣ በደከመ ዓይኔ።
ሃያ ሰባት አባል፣ አንዲት ያረጀች ሞተር፣
ደመና የረሳው፣ ነፋስ ያልረሳው ጥር።

ከትልሜ ዳር ተቀመጥኩ፣ አካፋዬን ታቅፌ፣
የሟች ባሌን ካፖርት ለብሼ፣ እጅጌውን አጥፌ።
ማዶ፣ ከአዳማ በላይ፣ ከኮረብታው ጫፍ፣
የንፋስ ማማዎቹ ቀይ ዓይናቸው ይበራል ይጠፋል፣ አንድ ላይ፣ እንደ አንድ ሰው እንቅልፍ።
ከነሱ የሚነሳው ኃይል በአናታችን ላይ ያልፋል፤
ሽቦው እዝዝ ሲል እሰማለሁ፣ ወደ ከተማ ይጣደፋል።
እኛ ግን ናፍጣ በጀሪካን፣ ከባጃጅ ወንበር ሥር፣
ሊትሩን በጥቁር ገበያ ዋጋ፣ በእባክህ የምንበደር።

ስምንት ሰዓት ሆነ።
ሞተሯ ከአዋሽ ዳር ትጮሃለች፣ ቱክ ቱክ ቱክ።
ውሃው የለም።
ስምንት ተኩል። የለም።
እርጥብ አፈር ሸተተኝ፣ ከላይ፣ ከሰው ማሳ፤
የእኔን ቦይ እንቁራሪት እንኳ ጓዟን ጠቅልላ ለቃዋለች።

ተነሳሁ። አካፋ በትከሻዬ፣ ባትሪ ያላት ስልኬን በጥርሴ ነክሼ፣
ቦዩን ይዤ ወደ ላይ፣
ስድብ ሳማርጥ፣ ሳሰላ፣ ሳበጥር፣
በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ ስጨርስ፣ ደግሞ እንደገና ስጀምር።

ከኦቦ ጉርሜሳ ትልም አፍ ላይ
አሸዋ የሞላ ሁለት ጆንያ።
ቲማቲሙ ጠጥቶ፣ ጠግቦ፣ ገና ይጠጣል፤
ግማሽ ጨረቃ በየትልሙ ተቆራርሳ ተኝታለች።
ከማማው ሥር አንዲት ሳል ተሰማች።
የማውቃት ሳል፤
በርጭት መድኃኒት የደረቀ ደረት።
አይቶኛል። አይቼዋለሁ።
ተናገር አላልኩትም፤ ተናገሪ አላለኝም።
ያ ሁሉ ያበጠርኩት ስድብ
ከስልኬ ጋር በጥርሴ መሃል ቀረ።

አንዱን ጆንያ አነሳሁ። ከዚያ ሌላውን።
ውሃው ለአፍታ አመነታ፣ መንገዱ የጠፋበት ይመስል፣
ከዚያ ዞረ፤
የእምቦጭ ቅጠል፣ የሃይላንድ ክዳን፣
ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የሕፃን ነጠላ ጫማ
እየገፋ ከፊቴ ቀደመ።
እኔም ከኋላ ተከተልኩት፣ የጠፋች ጥጃ እንዳገኘ ሰው፣
እንዳላስደነግጠው ቀስ ብዬ።

ጠዋት ድልድዩ ላይ ተገናኘን።
"አከም ቡልቴ?" አለኝ። እንዴት አደርሽ!
"ነጋ" አልኩት። ሰላም ነው፣ ምን አለ።
ከወትሮው አስረዝሞ ስለ ልጆቼ ጠየቀ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ሽንኩርቱ ስለሚያዘው ዋጋ፤
እኔም ስለ ሳሉ ጠየቅኩት።
ፈገግ ሲል የበለዘ ጥርሱ ታየ፤
የእኔም እንደሱ ነው፤
ያበለዘን የአንድ ጉድጓድ ውሃ።

ደንባችን ያውቀዋል፦ ተራ የሰረቀ፣ ሁለት መቶ ብር።
ደብተሩን ገለጥኩ። ዓርብ። ስሙ።
ከስሙ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ።
ብዕሬን አንስቼ
የአምናው ሚያዝያ ትዝ አለኝ፤
ሽንኩርቴ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣
በጠራራ ፀሐይ፣ በእነዚህ እጆቼ ያነሳሁት ድንጋይ።
ተራው የጉርሜሳ ነበር።
ደብተሩ ያኔ በባሌ እጅ ነው።

ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፣
ያን ቀን አገኘሁት።
ከስሜ ፊት ለፊት ምንም አልተጻፈም፤
አንድ የጭቃ አውራ ጣት ብቻ፣
ደርቆ የተሰነጠቀ።

ብዕሬን አስቀመጥኩ።
ካፖርቱ ጠርዝ ላይ ገና ያልደረቀ ጭቃ ነበር።